ሲያሸንፉ የተጠሉ፣ ሲሸነፉ የተወደዱ ቡጢኞች

ጆርጅ ፎርማን ማርች 21 ቀን 2025 በ76 ዓመቱ ሲያርፍ የሐዘን መልእክቱ ለጉድ ነበር። ሳቂታው ጆርጅ። ሰባኪው ጆርጅ። አምስት ወንዶች ልጆቹን በሙሉ «ጆርጅ» ብሎ የሰየመው፣ በቴሌቪዥን ቀርቦ የሥጋ መጥበሻ የሚያሻሽጠው ጆርጅ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ይህ ሰው በ25 ዓመቱ፣ በጉልበቱ ጫፍ ላይ ሳለ፣ ወዳጅ ያልነበረው ቡጢኛ ነው። ኪንሻሳ ላይ አንድ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ለተጋጣሚው ለመሐመድ አሊ «ግደለው!» እያለ ጮኾበታል። ያንን ያስታወሰ ሰው ብዙም አላየሁም። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቦክስ የሚከታተል ሰው ይህን መገላበጥ ያውቀዋል። ዛሬ «አይ እሱማ ጀግና ነው» የምንለው ቡጢኛ ትናንት «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሸነፍልን» ስንለው የነበረ ነው። ታዲያ ምን መጣ? ቀላሉ መልስ ሰውየው ተለወጠ ማለት ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። በአብዛኛው ግን ሰውየው ያው ነው። እንደ እኔ ቡጢኛን የምንጠላው የምንፈልገውን ስለሚከለክለን ነው። የምንወደውን ጀግና ያሸንፍብናል። ወይ ደም የሚያፈላ ፍልሚያ ጠብቀን እሱ ባዶ እጃችንን ይሰደናል። ወይ ደግሞ እንደፈለገ ይናገራል፤ አፉን የሚያስይዝልን እናጣለን። የተሸነፈ ቀን መከልከሉ ያበቃል። ያኔ ሰውየውን ማየት እንጀምራለን።

ፎርማን ላይ ትንሽ እንቆይ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ሲወስድ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የተባሉት ሯጮች የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አንስተዋል። ለዚህም ከቡድኑ ተባረዋል። ፎርማን ግን ሲያሸንፍ ትንሽዬ የአሜሪካ ባንዲራ እያውለበለበ ሪንጉን ዞረ። እሱ በሂውስተን ድሃ ሰፈር ያደገ፣ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ነው። ከመንገድ ያነሳው ጆብ ኮርፕስ የሚባለው የመንግሥት የሥራ ሥልጠና ፕሮግራም ነበር። ባንዲራው ለእሱ ምስጋና ነው። ለብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ግን ክህደት መሰላቸው። የመጀመሪያው ቂም እዚያ ተቋጠረ።

ከዚያ ፕሮፌሽናል ሆነ፤ ፊቱም ጭራሽ ተኮሳተረ። አብሮት ይለማመድ የነበረው ሰኒ ሊስተን ነው፤ በዘመኑ አሜሪካ ከፈራቻቸው ቡጢኞች አንዱ። ፎርማን ቡጢውን ብቻ ሳይሆን ኩርፊያውንም ከእሱ ወረሰ። በ1973 ኪንግስተን፣ ጃማይካ ላይ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑን ጆ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጣለው። በዓመቱ ኬን ኖርተንን ካራካስ ላይ በሁለተኛው ዙር ጨረሰው። ሰው አፉን ከፍቶ አየው እንጂ አልወደደውም። ጋዜጠኛ ሲጠይቀው መልሱ አጭር ነው። ፈገግታ የለም።

ከአሊ ጋር ሊጋጠም ኪንሻሳ ሲደርስ ነገሩ ባሰ። ጀርመን ሼፐርድ ውሻውን ይዞ ነው የገባው። ለእሱ ውሻ ነው። ለኮንጎ ሰው ግን ያ ዓይነት ውሻ የቤልጅየም ቅኝ ገዥ ፖሊስ በሕዝቡ ላይ ይለቀው የነበረ ነው። አሊ እንዲህ ያለ ዕድል የሚያልፈው ሰው አልነበረም። ፎርማንን የነጮቹ ወገን አድርጎ ሣለው፣ ራሱን ደግሞ የአፍሪካ ልጅ። ፎርማን ግን ከአሊ የጠቆረ ሰው ነው፤ ፖለቲካ እንዲህ ያደርጋል። ኦክቶበር 30 ቀን 1974፣ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ሰዓት እንዲመች ተብሎ ሊነጋጋ ሲል በተደረገው ፍልሚያ፣ አሊ ገመዱን ተደግፎ የፎርማንን ቡጢ እየተቀበለ አደከመው። በ8ኛው ዙርም ዘረረው።

እዚህ ላይ ፎርማን ወዲያው ተወደደ ብል ውሸት ነው። ለዓመታት ሰበብ ሲደረድር ኖሯል፤ ውሃዬ ውስጥ መድኃኒት ተጨምሮ ነበር እስከማለት ደርሷል። ሰበበኛ ተሸናፊን ደግሞ ማንም አይወድም። መገልበጡ የጀመረው በ1977 ነው። ሳን ሁዋን፣ ፖርቶ ሪኮ ላይ በጂሚ ያንግ በነጥብ ተሸነፈ፤ መልበሻ ክፍል ውስጥ እግዚአብሔርን አገኘሁ አለ፤ ቦክስን ትቶ ሰባኪ ሆነ። አሥር ዓመት ጓንት አላጠለቀም። በ1987 ለሂውስተኑ የወጣቶች ማዕከል ገንዘብ ያስፈልገኛል ብሎ ሲመለስ ክብደቱ ከ120 ኪሎ በላይ ነበር። ሰው ሳቀበት። እሱም አብሮ ሳቀ። ስለ ሆዱና ስለሚበላው በርገር የሚቀልደው ራሱ ፎርማን ነው።

በ1991 ከሻምፒዮኑ ከኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር 12 ዙር ሙሉ ቆሞ በነጥብ ተሸነፈ። 42 ዓመቱ ነበር። ያን ቀን ነው አሜሪካ «ይህ ሽማግሌ የምሩን ነው» ያለችው። በ1994 ላስ ቬጋስ ላይ የጊዜውን ሻምፒዮን ማይክል ሙረርን ገጠመ። በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየተመራ 10ኛው ዙር ደረሰ። ከዚያ አንድ አጭር ቀኝ ቡጢ፣ አለቀ። በ45 ዓመቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን። የለበሰው በኪንሻሳ የተሸነፈበትን ቀይ ቁምጣ ነበር። በ1999 ደግሞ የመጥበሻው አምራች ኩባንያ ስሙን ለመግዛት 137.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለው። ያ ሁሉ ቡጢ ያላመጣለትን ብር ፈገግታው አመጣለት ማለት ነው።

ፎርማን በእርግጥም የተለወጠ ሰው ነው። ስለዚህ ለኔ ሐሳብ ጥሩ ምስክር አይደለም። የተሻለው ምስክር ላሪ ሆምስ ነው። እሱ አልተለወጠም፤ ያው ሰው ሆኖ ነው የተጠላውም የተከበረውም።

የሆምስ ጥፋት ከአሊ ቀጥሎ መምጣቱ ነው። የኢስተን፣ ፔንስልቬኒያ ልጅ ነው። የአሊ የልምምድ ተጋጣሚ ሆኖ ጀመረ፤ ደሞዝ እየተከፈለው ከአለቃው ይመታ ነበር ማለት ነው። በ1978 ኬን ኖርተንን በ15 ዙር ለጥቂት አሸንፎ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ያዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ አሊ በ38 ዓመቱ ተመልሶ ገጠመው። ያ ፍልሚያ ዛሬም ለማየት ይከብዳል። አሊ እጁ አይነሣም፤ እግሩ አይታዘዝም። ሆምስ እየመታው ዳኛውን ያያል፤ አስቁምልኝ እያለ። ከ10ኛው ዙር በኋላ የአሊ አሰልጣኝ አስቆመው። ሆምስ ከፍልሚያው በኋላ አለቀሰ። ያሸነፈው እሱ ነው፤ ያለቀሰውም እሱ። ሕዝቡ ግን የያዘበት እንባውን ሳይሆን ቡጢውን ነው። አሊን የመታ ሰው ተባለ፤ በቃ።

በ1982 ጄሪ ኩኒ የተባለ ነጭ ቡጢኛን ሲገጥም ደግሞ ፍልሚያው የዘር ጉዳይ ሆነ። በቦክስ ሥርዓት ሻምፒዮን የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። ያን ምሽት ግን ሻምፒዮኑ ሆምስ ቀድሞ ተጠራ፤ ተፈታታኙ ኩኒ መጨረሻ። ሆምስ በ13ኛው ዙር አሸነፈው። በነገራችን ላይ ሁለቱ በኋላ ወዳጆች ሆነዋል፤ ጠቡ የነሱ አልነበረማ።

በ1985 ሆምስ 48 ጊዜ ተጋጥሞ 48ቱንም አሸንፎ ነበር። አንድ ቢጨምር የሮኪ ማርሲያኖን 49 ለ0 ሪከርድ ሊስተካከል ነው። ከእሱ በሚቀልል ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው ማይክል ስፒንክስ በነጥብ አሸነፈው። ሆምስ ተናዶ ማርሲያኖ የውስጥ ልብሴን ለመሸከም እንኳ አይበቃም የሚል ነገር ተናገረ። ማርሲያኖ ከሞተ 16 ዓመት አልፎታል፤ ለብዙ አሜሪካዊ ቅዱስ ነው። በኋላ ይቅርታ ቢጠይቅም የቀረችው ጥቂት ፍቅርም በዚያ ምሽት አለቀች።

ታዲያ ዛሬ ስለ ሆምስ የሚያወራ የቦክስ ሰው ምን ይላል? ጃቡን። ያ ቀጥ ብሎ የሚወጣ የግራ ቡጢ በከባድ ሚዛን ታሪክ ከምርጦቹ አንዱ ነው ይባላል። አሰልጣኞች ለልጆች የሚያሳዩት ቪዲዮ ነው። ቀበቶውን 20 ጊዜ አስጠብቋል። በ1979 ኧርኒ ሼቨርስ በ7ኛው ዙር እንዴት እንደጣለው አይታችሁ እንደሆነ፣ ከዚያ መነሣት ለብቻው ታሪክ ነው። ተነሥቶ በ11ኛው ዙር ሼቨርስን አሸነፈው። ይሄ ሁሉ ያኔም ነበር። ጃቡ ያኔም ያው ጃብ ነው። ግን የ1980 ተመልካች ጃቡን ሲያይ ከኋላው አሊን ይፈልግ ነበር። አሊ እንደማይመለስ ሲታወቅ፣ ሆምስም ቀበቶውን ሲያጣ፣ ጃቡ ብቻውን ቀረና ታየ። ኢስተን ከተማም በስሙ መንገድ ሰይማ ሐውልት አቁማለታለች።

ለዚህ የቪዲዮ መደብሮች፣ በኋላም ዩቲዩብ ትልቅ ውለታ ውለዋል። ውጤቱን አውቀህ ስታይ ልብህ አይመታም። ማን ያሸንፋል ብለህ አትጨነቅም። ስለዚህ እግሩን ታያለህ፣ ትከሻውን ታያለህ፣ አንድ ሰው ቡጢ ሳይወረውር እንዴት ሌላውን ወደ ማዕዘን እንደሚነዳ ታያለህ። እኛ ዘንድማ የላስ ቬጋስ የቅዳሜ ማታ ፍልሚያ የእሁድ ጠዋት ነገር ነው፤ አብዛኛው ሰው ውጤቱን ስልኩ ላይ አንብቦ ነው ቪዲዮውን የሚያየው። አንዳንዴ ይህ ቡጢኛውን በትክክል ለመመዘን ይረዳል።

ቭላድሚር ክሊችኮ የተጠላው በሌላ ምክንያት ነው። አሰልቺ ነው ተብሎ። ዩክሬናዊው ግዙፍ በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ ቀኝ እጁ መዶሻ ነው። ግን በ2003 ኮሪ ሳንደርስ፣ በ2004 ሌሞን ብሩስተር ዘረሩት። መንጋጋው ቡጢ አይችልም የሚለው ወሬ ተከተለው። አሰልጣኙ ኢማኑኤል ስቱዋርድ እንደ አዲስ ሠራው፦ ግራህን ዘርጋ፣ ርቀትህን ጠብቅ፣ ከቀረበህ እቀፈው፣ ተጫነው፣ ዳኛው ያላቅቃችሁ። ውጤቱ? ከ2006 እስከ 2015 ዘጠኝ ዓመት ከግማሽ ሻምፒዮን። 18 ጊዜ በተከታታይ ቀበቶውን አስጠበቀ።

ሰውም አዛጋ። በ2008 ኒው ዮርክ ላይ ከሱልጣን ኢብራጊሞቭ ጋር ያደረገውን ፍልሚያ ያየ አሜሪካዊ ሁለተኛ ላለማየት ቢምል አልፈርድበትም። በ2013 ሞስኮ ላይ ሩሲያዊውን አሌክሳንደር ፖቬትኪንን አራት ጊዜ ጥሎታል። ይሁንና ከዚያ ምሽት የሚታወሰው መተቃቀፉ ነው። ተከላካዮቹ «ማሸነፍ ወንጀል ነው እንዴ?» ይሉ ነበር፤ አይደለም። ግን ተመልካችም ትኬት የሚገዛው ሁለት ሰዎች ሲተቃቀፉ ለማየት አይደለም። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው።

በ2015 ታይሰን ፊውሪ አሸነፈው። ያ ፍልሚያ ራሱ ከባድ እንቅልፍ ነበር፤ ስለዚህ ማንም አላዘነለትም። ከዚያ ኤፕሪል 29 ቀን 2017 መጣ። ለንደን፣ ዌምብሌይ፣ ወደ 90 ሺህ ሕዝብ። ክሊችኮ 41 ዓመቱ፣ አንቶኒ ጆሹዋ 27። በ5ኛው ዙር ጆሹዋ ጣለው። ክሊችኮ ተነሥቶ በዚያው ዙር ተዋጋ። በ6ኛው ዙር ተራው ደረሰና ያ የታወቀው ቀኝ እጅ ጆሹዋን መሬት ላይ ዘረጋው። ጆሹዋ ሲነሣ እግሩ እየከዳው ነበር። ክሊችኮ ግን ለመጨረስ አልቸኮለም። ጠበቀ። አሰላ። ጆሹዋ ትንፋሹ ተመለሰ፤ በ11ኛው ዙር ሁለት ጊዜ ጥሎት ዳኛው አስቆመው።

የዚህ ፍልሚያ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ለዘጠኝ ዓመት የጠላንበት ጥንቃቄው ነበር፤ ያን ቀን እሱን ያሸነፈውም ያ ጥንቃቄ ነው። በ6ኛው ዙር ደጋፊው ሲለምነው እንደኖረው ተንደርድሮ ቢገባ ምናልባት ያሸንፍ ነበር። አልገባም። ተሸነፈ። እኛም ያን ቀን ወደድነው። በዘጠኝ ዓመት የንግሥና ዘመኑ ያላገኘውን ጭብጨባ በአንድ ሽንፈት አገኘ። ብዙም ሳይቆይ ጡረታ ወጣ። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የኪየቭ ከንቲባ ከሆነው ወንድሙ ከቪታሊ ጎን ቆሞ ዓለም አየው፤ የአገር መከላከያ ተጠባባቂ ሆኖም ተመዘገበ። ያኔ ስለመተቃቀፉ የሚያነሣ ሰው አልነበረም።

ፊውሪስ? እሱ የተጠላው በአፉ ነው። ክሊችኮን ባሸነፈበት ሰሞን ስለ ሴቶችና ስለ ግብረ ሰዶማውያን የተናገረው ብሪታንያን አስቆጣ፤ ቢቢሲ ከዓመቱ የስፖርት ሰው ዕጩነት እንዲሰርዘው ከ100 ሺህ በላይ ሰው ፊርማ አሰባሰበ። ከዚያ ሰውየው ወደቀ፤ ሪንግ ውስጥ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ። ድብርት፣ መጠጥ፣ ኮኬይን፣ ቀበቶዎቹን ሁሉ መተው። ክብደቱ ወደ 180 ኪሎ ተጠጋ። በዲሴምበር 2018 ሎስ አንጀለስ ላይ ዲዮንቴ ዋይልደር በ12ኛው ዙር ጀርባውን መሬት አስነክቶ ዘረጋው። ጉዳዩ ያለቀ መሰለ። ዋይልደር መጨፈር ጀምሮ ነበር። ፊውሪ ዘጠኝ ሲቆጠር ተነሣ። ውጤቱ አቻ ቢሆንም አሸናፊው ማን እንደሆነ ሰው ወዲያው ያወቀ መሰለኝ። ስለ ድብርቱ በግልጽ ማውራቱ ደግሞ ብዙ ወንዶች በራሳቸው ቤት ያፈኑትን ነገር ስለነካ ተሰማለት። ይህ ሁሉ ግን ያኔ የተናገረውን ነገር አልሰረዘውም። ያ ቃል አሁንም አለ፤ የሚወዱት ሰዎች ብቻ አያነሡትም።

ሽንፈት ሁሉ ግን ያስወድዳል ማለት አይደለም። ሮቤርቶ ዱራን የፓናማ ጣዖት ነበር። በኖቬምበር 1980 ኒው ኦርሊንስ ላይ ከሹገር ሬይ ሌናርድ ጋር ሲጋጠም በ8ኛው ዙር ጀርባውን ሰጥቶ አቆመ። ሳይወድቅ። ሌናርድ ሲቀልድበት ተናዶ ተወው። ለዱራን ከዚያ የባሰ አልነበረም፤ ባንድ ሌሊት ጀግናው ፈሪ ተባለ። ደጋፊ ተሸናፊን ይቅር ይላል፤ የተወን ግን አይልም። ይቅርታው የመጣው በ1983 ነው። በ32ኛ ልደቱ ቀን ኒው ዮርክ ላይ ወጣቱን ዴቪ ሙርን በ8ኛው ዙር አሸነፈ፤ ሕዝቡ የልደት መዝሙር ዘመረለት። በዚያው ዓመት አስፈሪውን ማርቪን ሃግለርን 15 ዙር ሙሉ ገጥሞ በጠባብ ነጥብ ተሸነፈ። ከአሸነፈው በላይ ያ ሽንፈት ስሙን አጠበለት።

የሁሉም አባት አሊ ነው። ዛሬ አሊን እጠላለሁ የሚል ሰው ብትፈልግ አታገኝም። በ1967 ግን ለቬትናም ጦርነት አልመለመልም ሲል ቀበቶውን ተነጥቆ፣ ፈቃዱን ተከልክሎ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ከሪንግ ውጭ ቆይቷል። ስሙን ከቀየረ በኋላ ለዓመታት በድሮ ስሙ «ክሌይ» እያሉ የሚጽፉ ጋዜጦች ነበሩ። በ1996 አትላንታ ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ የኦሊምፒኩን ችቦ ሲለኩስ አሜሪካ አብራ አለቀሰች። ልብ በሉ፤ አሊ የሁሉም አሊ የሆነው በሽታው ምላሱን ካሰረው በኋላ ነው። እንደ ድሮው ቢናገር ኖሮ ያ ሁሉ ሰው አብሮት ያለቅስ ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ። ያ እንባ ከልብ ነው፤ ግን ትንሽ የተመቸ እንባም ነበር።

መጠላት ደግሞ እንጀራ ነው። አሊ ወጣት ሳለ ጎርጅስ ጆርጅ የተባለ የትግል ትርኢተኛን አይቶ ሰው የሚጠላውን ለማየትም ገንዘብ እንደሚከፍል እንደተማረ ራሱ ተናግሯል። ፍሎይድ ሜይዌዘር ይህን ትምህርት ወደ ድርጅት ቀየረው። «መልከ መልካሙ ልጅ» የሚለውን ቅጽል ትቶ «ገንዘብ» ተባለ። ብር እየበተነ፣ እየተሳደበ፣ አድናቂና ጠላት በአንድ ትኬት ሰበሰበ። በ2015 ከማኒ ፓኪያዎ ጋር ያደረገውን ፍልሚያ በአሜሪካ 4.6 ሚሊዮን ቤት ከፍሎ አየው። ሲሸነፍ ለማየት የከፈለው ሰው አልተሳካለትም፤ በ2017 50 ለ0 ሆኖ ጡረታ ወጣ።

ስለዚህ ሜይዌዘር የእኔን ሐሳብ ይፈትነዋል። አልተሸነፈም። ሆኖም ክብሩ ጨምሯል። ያኔ «የሚሸሽ ፈሪ» ይለው የነበረ ሰው ዛሬ ትከሻውን አዙሮ ቡጢ የሚያንሸራትትበትን ዘዴ በዝግታ እያጫወተ ያያል። እንደገባኝ ከሆነ በእሱ ላይ ሽንፈትን የተካው ጡረታ ነው። መከልከሉን አቆመ፤ በቃ። በርናርድ ሆፕኪንስም እንዲሁ በዕድሜ ነው የተወደደው። በ2001 ሳን ሁዋን ድረስ ሄዶ የፖርቶ ሪኮን ባንዲራ መሬት ላይ ወርውሮ ሕዝቡ ሊበላው ነበር። በ46 ዓመቱ ሞንትሪያል ላይ ዣን ፓስካልን አሸንፎ የፎርማንን የዕድሜ ሪከርድ ሲሰብር ግን ያ ባንዲራ ተረስቶ ነበር። ከፖርቶ ሪኮ ውጭ ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማልስማማበት ልማድ አለ። ቡጢኛን በጥበቡ ማድነቅና ሰውየውን ማንጻት ለየቅል ናቸው። ሜይዌዘር በ2012 የልጆቹን እናት በመደብደብ ታስሯል። ማይክ ታይሰን በ1992 በአስገድዶ መድፈር ተፈርዶበት ሦስት ዓመት ታስሯል። በኖቬምበር 2024 ታይሰን በ58 ዓመቱ ከጄክ ፖል ጋር ሲጋጠም ስታዲየሙ ሙሉ ሰው «ማይክ! ማይክ!» ሲል ይህን የሚያነሣ አልነበረም። አሊን ወይም ሆምስን መጥላት በአብዛኛው የእኛ ችግር ነበር። በታይሰን ላይ ግን ሰው የሚቆጣበት በቂ ምክንያት ነበረው። ጊዜ ሲያልፍ ሁለቱንም በአንድ ፎጣ አብሰን «የተወደደ የቀድሞ ባለጌ» እንላቸዋለን። የሆምስን ጃብና የታይሰንን የፍርድ ቤት ውሳኔ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ትክክል አይመስለኝም።

ጄክ ፖል ከተነሣ፣ እሱም የዚህ ዘመን ጉዳይ ነው። ከዩቲዩብ መጥቶ በመጠላት ሀብታም ሆነ። በዲሴምበር 2025 ማያሚ ላይ ከአንቶኒ ጆሹዋ ጋር ገጥሞ በ6ኛው ዙር ተዘረረ፤ መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰበረ። እየወደቀ እየተነሣ እዚያ ድረስ መቆየቱን አይተው «ቢያንስ አልፈራም» ያሉ ነበሩ። እኔ ገና አላመንኩም። ከሁለት ሜትር በሚጠጋ የቀድሞ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ፊት መቆም ድፍረት ነው፤ ቡጢኛነት ግን ሌላ ነው።

አሁን ዓይኔ ያለው ሻኩር ስቲቨንሰን ላይ ነው። የኒዋርክ ልጅ፣ በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የብር ሜዳሊያ ያገኘ፣ እንደ ፕሮፌሽናል ተሸንፎ የማያውቅ። መከላከሉ ድንቅ ነው፤ ችግሩም ያው መከላከሉ ነው። በኖቬምበር 2023 ላስ ቬጋስ ላይ ከኤድዊን ደ ሎስ ሳንቶስ ጋር ሲጋጠም ሰው በጩኸት አጥላላው፣ ጥሎ የወጣም ነበር። በ2024 በገዛ ከተማው ሰው ፍልሚያው ሳያልቅ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ በጁላይ 2025 ኒው ዮርክ ላይ ቡጢ ከማያቆመው ዊልያም ዜፔዳ ጋር ተገናኘ። ብዙ ሰው እንደ ልማዱ ይሸሻል ብሎ ጠበቀ። ሻኩር ቆመ። ፊት ለፊት ቆሞ፣ እየተመታም እየመታ፣ 12 ዙር ሙሉ ሠራው። በነጥብ አሸነፈ። ሲያጥላሉት የነበሩት «እንዲህ የምትችል ከሆነ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አሉት።

መልሱ ግን ግልጽ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ መቆም አላስፈለገውም ነበር። ዜፔዳ አስገደደው። ካልተገደደ ተመልሶ ይሸሻል፤ ሙያው ነዋ፤ ያው ሰው ተመልሶ ይጮኽበታል። እኔ ግን ዜፔዳን የገጠመበትን 12 ዙር ደግሜ ያየሁት ከሸሸባቸው ፍልሚያዎች ጎን አድርጌ ነው። የእግሩ አረማመድ በሁለቱም ያው ነው።